ዲናሞው በየኔታ ድምፅ ላይ ሲያፏጭ

ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሽቦ ስለይ ዋልሁ። ጋራዡ ከጎንደር ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱም ዋና ኤሌክትሪሻኑም አያ መኮንን ነበሩ። የማሠልጠኛ ወረቀቴን ከላይ እስከ ታች አነበቡና አጥፈው መለሱልኝ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሠላሳ አንድ።"

"ለረዳትነት ዘግይተሻል። ምነው እስከ ዛሬ?"

"ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው" አልኋቸው። እውነት ነው። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ ታናናሾቼን ሳሳድግ ቆይቻለሁ። ሰባተኛ ክፍል የገባሁት በማታ ትምህርት፣ በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው።

ሌላ አልጠየቁም። ከተበላሹ መኪናዎች የተነቀለ ሽቦ የሞላበት ማዳበሪያ ከፊቴ ዘረገፉና "ለዪ" ብለው ሄዱ።

በቀለም ለየሁ። ከዚያ እያንዳንዱን ቀለም እንደገና በውፍረት ለየሁ። ጫፉ የጠቆረውን ለብቻ አደረግሁ። ከሰዓት በኋላ መጡና ከላዬ ቆመው ብዙ አዩት።

"በውፍረትም ለዪ ያለሽ ማነው?"

"ቀለሙ የሠራውን ሰው ምርጫ ነው የሚነግረን። ምን ያህል ከረንት እንደሚችል የሚናገረው ውፍረቱ ነው።"

ጌትነት የሚባለው ሌላው ረዳት ከአንድ መኪና ሥር ተጋድሞ ሰምቶ ሳቀ። "ኧረ አያ መኮንን፣ ረዳት ቀጠርሁ ብለው መምህርት አምጥተውብናል!" ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ መምህርት ሆኖ ቀረ። የሺ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ።

በእኛ ጋራዥ ረዳት መጀመሪያ የባትሪ ጫፍ ይጠርጋል፣ አምፖል ይቀይራል፣ ለሌላው መብራት ይይዛል። ቀጥሎ የተቃጠለ ቫልቮላ፣ ፊውዝ የሚሉትን፣ መፈለግ ይፈቀድለታል። ክሩስኮት፣ ከመሪው ፊት ያለውን ሰሌዳ፣ ለብቻው የሚፈታው ባለሙያ ሲባል ነው። እኔ ባለሙያ የተባልሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ማንም አልነገረኝም። አንድ ጠዋት አያ መኮንን ክሩስኮቷ ሊፈታ የቆመች መኪና አጠገብ ካቻቢቴያቸውን አቀበሉኝና ወደ ቢሯቸው ገቡ፤ በቃ፣ ይኸው ነው።

የቴፕና የስፒከር ሥራ ቀስ በቀስ ወደ እኔ መጣ። ወንዶቹ አይወዱትም። ሽቦው ቀጭን ነው፣ መቀመጫና ምንጣፍ ማንሣት አለበት፣ ብልሽቱ ደግሞ በዓይን አይታይም። እኔ ግን ከዕቃው ካርቶን ውስጥ የሚወጣውን ወረቀት ማንበብ ስለምወድ ሥራውንም ወደድሁት። ጌትነት ያንን ወረቀት ሱሪው እንዳይቆሽሽ አንጥፎ ይቀመጥበት ነበር።

"ተነሥ" እለዋለሁ፣ "የተቀመጥህበት ገጽ ሦስት ነው።"

"ገጽ ሦስት ምን ይላል፣ መምህርት?"

"አትቀመጥብኝ ይላል።"

የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላቴን ይዤ ሳነብ ብዙ ተስቆብኛል። ስቀውም ሲያበቁ ይጠይቁኝ ነበር።

ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ ስለ ፉጨት ልንገራችሁ። ሰው የመኪናው ስፒከር ድምፅ ሲያንሰው ድምፅ የሚያጎላ አምፕ ያስገጥማል። ተገጥሞ ሲያልቅ ያምራል። ሞተሩ ሲነሣ ግን ከስፒከሩ ውስጥ ቀጭን ፉጨት ይመጣል። ነዳጅ ሲረገጥ ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ሲለቀቅ ይወፍራል። እሱ የዲናሞው ድምፅ ነው። ዲናሞ ባትሪውን ሲሞላ ኤሌክትሪኩን ንጹሕ አድርጎ አያወጣውም፤ ትንሽ ሞገድ ይቀርበታል። ያ ሞገድ ወደ አምፑ መግቢያ ካገኘ አምፑ ከሙዚቃው ለይቶ አያውቀውም፤ አብሮ ያጎላዋል። እንግዲህ የእኛ ሥራ መግቢያውን መፈለግ ነው።

የመጀመሪያውን ፉጨት ያገኘሁት ወደ ማክሰኝት በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ነው። ሾፌሩ "ቴፔ ውስጥ ንብ ገብቷል፣ አውጡልኝ" እያለ መጣ። አያ መኮንን ነዳጁን ራሳቸው እየረገጡና እየለቀቁ አሰሙኝና "ከየት ነው?" አሉኝ። ወለሉን ገልጬ ሳየው ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ሽቦና ከቴፑ የሚሄደው ቀጭን የድምፅ ሽቦ እንደ ሹሩባ አብረው ተጎንጉነዋል። ወፍራሙን በግራ፣ ቀጭኑን በቀኝ አሳለፍሁት። ንቡ ወጣ። ከዚያ በኋላ ብዙ ፉጨት በዚሁ መንገድ ስላጠፋሁ፣ ፉጨት ማለት ይኸው ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። የሚቀጥለው ነገር የመጣው ከዚህ ነው።

ሲስተር ምሕረት ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት። ኋላዋ ሰፊ የሆነ አሮጌ መኪና አላት። አባቷ መሪጌታ ኅሩይ ቁስቋም ይኖራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሷ እየነዳች አምባ ጊዮርጊስ ታደርሳቸዋለች፤ እዚያ ዜማ ያስተምራሉ። ጆሯቸው እየደከመ ስለመጣ በመንገድ የምትከፍተውን መዝሙር እንዲሰሙ ብላ አምፕ አስገጠመች። የገጠምሁላት እኔ ነኝ።

ወፍራሙን ሽቦ በግራ፣ ቀጭኑን በቀኝ አሳለፍሁ። አምፑን ከኋላ መቀመጫው ጀርባ አስቀመጥሁ። የቀረው ማሳ ነበር። ማሳ የምንለው የመኪናውን አካል፣ ብረቱን ነው፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለሰው በእሱ ነው። ለማሳ የሚመች ብሎን ከአምፑ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ አየሁ። በላዩ ግን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ጀሪካን ተቀምጧል።

"ጸበል ነው" አለች ሲስተር ምሕረት። "ቦታው እዚያ ነው።"

መሪጌታ ራሳቸው አነሡትና እስክጨርስ ታቅፈውት ቆሙ። ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፣ ሽቦውን አሰርሁ፣ ምንጣፉን መለስሁ። እሳቸውም ጀሪካኑን ወደ ቦታው መለሱት። ሲመልሱት ቆሜ አይቻለሁ።

ከወር በኋላ፣ አንድ ሰኞ፣ አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። መሪጌታ ገና ሳይወርዱ በመስኮት ነገሩን።

"ማኪናችን ዜማ ተምራላችኋለች። ዳገት ላይ አራራይ ታወጣለች፣ ቁልቁለት ስንይዝ ግዕዝ ታወርዳለች።"

"ታዲያ ምን ቀራት፣ ታስመስክር!" አለ ጌትነት። በዜማ ቤት ማስመስከር ማለት ትምህርቱን ጨርሶ በመምህር ፊት ተፈትኖ ለማስተማር መብቃት ነው። መሪጌታ ሳቁ። ልጃቸው ግን አልሳቀችም።

"አባባ፣ ዋናውን ይንገሯቸው" አለች።

ዋናው እንዲህ ነበር። የመሪጌታ መምህር፣ እሳቸው የኔታ የሚሏቸው፣ ካረፉ ቆይተዋል። ሊያርፉ ሲሉ በመኝታቸው ሆነው ያዜሙትን አንድ ደቀ መዝሙር በስልኩ ቀድቶ ኖሮ፣ ሰሞኑን አግኝቶ ላከላቸው። ከየኔታ ድምፅ የተረፈው ያ ብቻ ነው። በመጨረሻው ላይ አንዲት ቃል አለች። መሪጌታ ኅሩይ ቃሏ በቁርጥ ታልቃለች ብለው ያስተምራሉ፤ ድምፁ እዚያው ይቆረጣል። ማክሰኝት ያሉት አብሮ አደጋቸው መሪጌታ ይባቤ ግን በደረት ነው ይላሉ፤ ድምፁ ሳይቆረጥ ወደ ደረት ይወርዳል፣ በዝግታ ያልቃል።

"ሁለታችንም በየኔታ ስም ነው የምናስተምረው" አሉኝ። "አንዳችን የኔታ ያላሉትን አሉ እያልን ነው። ቅዳሜ ሁለት ተማሪዎቼ ያስመሰክራሉ። ካስመሰከሩ ወዲያ በየደብሩ ሄደው ያስተምራሉ። ከዚያ በኋላ ማን ሰብስቦ ያርማል? እስከ ቅዳሜ ማወቅ አለብኝ።"

በስልኩ ቢሰሙትስ አልሁ። የስልኩ ድምፅ ቀጭን ነው፣ የደከመው የየኔታ ዜማ በእሱ አይደርሳቸውም። የጆሮ ማዳመጫስ? ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ ግራው ይመግላል፣ ሐኪም ምንም እንዳይወትፉበት ከልክሏል። ሞተሩን አጥፍተውስ?

"ሞክረናል" አለች ሲስተር ምሕረት። "ሞተሩ ሲጠፋ ፉጨቱም ይጠፋል። ግን ባትሪው አርጅቷል፣ አምፑ ቃሏ ጋ ሳይደርስ ይዘጋል።"

መኪናዋን ትተውልን ሄዱ። ሞተሩን አስነሥቼ የቴፑን ድምፅ እስከ መጨረሻው ቀነስሁ። ፉጨቱ አልቀነሰም፤ ስለዚህ የሚገባው ከቴፑ በኋላ ነው። ቀጫጭኖቹን የድምፅ ሽቦዎች ከአምፑ ነቀልሁ። ጸጥ አለ፤ ስለዚህ የሚገባው በእነሱ ነው። ግን ከወፍራሙ ሽቦ ለይቼ ያሳለፍኋቸው እኔው ነኝ። ማሳው ቀረ። ሞተሩን አጠፋሁና ቴስተሬን በአምፑ በኩል ባለው የማሳ ሽቦ ጫፍና በመኪናው ብረት መካከል ያዝሁ። ዜሮ ለማለት ምንም አልቀረውም፤ በመካከል ከረንቱን የሚያግድ የለም ማለት ነው። ጥሩ ማሳ ነው አልሁ። ደግሞም ብረቱን እስኪያበራ የፋቅሁት በእጄ ነው።

ጌትነት መጥቶ አየ። አያ መኮንን መጥተው አዩ። ሦስታችንም ብሎኑ ያለበትን እናውቃለን፤ በላዩ ጀሪካኑ ተቀምጧል። እጃችን ዘይት ነው፣ ቁርስ በልተናል። እንዲህ ሆኖ የጸበል ዕቃ አይነካም። ይህን ከመካከላችን በአፉ የተናገረ የለም። ዝም ብለን ዙሪያውን ዞርን።

"ፊልተር አስገቢለትና ጨርሺ" አሉ አያ መኮንን። ፊልተር በድምፁ ሽቦ መካከል የሚገባ ትንሽ ሣጥን ነው። አስገባሁት። ፉጨቱ እልም አለ።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ ከኋላ መቀመጫ ተቀመጡ። ሞተሩ እየዞረ ሲስተር ምሕረት ስልኳን ከቴፑ አገናኘች። ደካማ የሽማግሌ ድምፅ መኪናዋን ሞላት። ጌትነት የሚደበድብበትን መዶሻ አስቀመጠ። የኔታ በየመካከሉ ይተነፍሳሉ፣ ያርፋሉ፣ ይቀጥላሉ። ቃሏ መጣች። ድምፁ ተቆረጠ።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። "ቁርጥ ነው" አሉ በመጨረሻ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት።

"እንግዲህ እርስዎ ያሉት ሆነ፣ አባባ" አለች ልጃቸው።

"እኔ ያልሁት አይደለም፣ የኔታ ያሉት ነው።" እኛን አንድ በአንድ መረቁን። ጌትነት ቆቡን አውልቆ ተመረቀ። ሄዱ።

የፊልተሩን ወረቀት ያነበብሁት በማግሥቱ ነው። ይህን ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ፤ ሁልጊዜ አንብቤ የምገጥም ሰው ያን ቀን ሳላነብ ገጠምሁ። በመጨረሻው ገጽ፣ በደቂቅ ፊደል፣ ዕቃው ዝቅተኛ ድምፆችን ሊቀንስ ይችላል ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከመደርደሪያው ሌላ ተመሳሳይ ፊልተር አውርጄ ከመሞከሪያ ስፒከራችን ጋር አያያዝሁና ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፈትሁ።

"ጌትነት፣ እስኪ ስማ።" ከፊልተሩ ጋር አሰማሁት፣ ቀጥዬ ያለ ፊልተሩ።

"መጀመሪያ ላይ ከበሮው ሆድ የለውም" አለ። "ቆርቆሮ ነው የሚመታው።"

ደረት ዝቅተኛ ድምፅ ነው። የኔታ በቁርጥ ጨርሰው ይሁን፣ ወይም ወደ ደረት ሲወርዱ ፊልተሩ አስቀርቷቸው ይሁን የሚያውቅ የለም ማለት ነው። መሪጌታ ግን አውቄያለሁ ብለው ሄደዋል።

ለአያ መኮንን ነገርኋቸው።

"አንቺ ልጅ" አሉ፣ "ደንበኛ እየመረቀ ሲሄድ ከኋላ አይጠራም።"

"ቅዳሜ ያንን ያስተምራሉ።"

"ምናልባት ልክ ናቸው።"

"ምናልባት። ያን ጊዜም ልክ መሆናቸውን አላወቁም።"

"ፉጨት አጥፉልን አሉ፣ አጠፋን። ዜማውን የሚዳኙት እነሱ ናቸው። ምነው ራስሽን ታስጨንቂያለሽ?"

ዝም አልሁ። ዝም ስል እሺ ያልሁ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አያ መኮንን ግን ያውቁኛል። ትንሽ ቆይተው "ከሄድሽ የጋራዡን ስም ጠብቀሽ ተናገሪ" አሉ።

ሐሙስ በእግሬ ቁስቋም ወጣሁ። መሪጌታ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መጽሐፋቸውን ያያሉ። ከግራ ጆሯቸው በኩል ቁጢጥ ብዬ የፊልተሩን ነገር ነገርኋቸው። መጽሐፉን ዘጉት።

"ያልሰማሁትን ሰማሁ ብያለሁ በይኛ።"

"የሰሙት ፊልተሩ ያሳለፈውን ነው። ቁርጥ ይሁን ደረት እኔ አላውቅም። ዕቃው ደረትን ሊያስቀር እንደሚችል ብቻ ነው የማውቀው።"

"ለይባቤ ደውዬለታለሁ" አሉ ቀስ ብለው። "የኔታ ራሳቸው መሰከሩልኝ ብዬዋለሁ። ምነው ሰኞ አልነገርሽኝ?"

"ሰኞ ወረቀቱን አላነበብሁትም ነበር።"

የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። "ከነገርሽኝ ሸጋ ነው" አሉ። "ነገ ማኪናዋ ትመጣለች። ቅዳሜ ግን ቅዳሜ ናት፤ አልጠብቅሽም።"

ዓርብ ጠዋት መጡ። ፊልተሩን አወጣሁት፤ ፉጨቱ ተመለሰ። ጌትነት "እንኳን ደህና መጣህ" አለው።

በዚህ ጊዜ ሞተሩን አላጠፋሁም። አምፑን እንደበራ፣ መዝሙሩን ከፍ አድርጌ ተውሁት። ረጅም ሽቦ ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ መኪናዋ ኋላ ዘረጋሁ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ከዚያ ሽቦ፣ ሌላውን ከአምፑ ማሳ ጋር አገናኘሁ። ማሳው ደህና ቢሆን ቴስተሩ ወደ ዜሮ በተጠጋ ነበር። አንድ ነጥብ አንድ ቮልት አነበበ።

ሰኞ ደህና ያለኝ ያው ሽቦ ነው። ሰኞ ግን የለካሁት መኪናዋ ጠፍታ ነው። ቴስተር ሲለካ የሚልከው ከረንት እጅግ ትንሽ ነው፤ በአንዲት ጠባብ ንክኪም ያልፋል። አምፑ ሲሠራ የሚስበው ብዙ ነው፤ በጠባቧ ንክኪ ማለፍ ሲያቅተው የቀረው በድምፁ ሽቦ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የዲናሞውን ፉጨት ይዞ ይገባል። ብሎኑን ማየት ነበረብኝ።

"መሪጌታ፣ ጀሪካኑን ያንሡልኝ።"

ጌትነት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። "ጸበል ማኪናዎን አበላሸ ልትያቸው ነው? ለመሪጌታ? እኔ ከዚህ የለሁበትም።"

መሪጌታ አነሡት። ከሥሩ ምንጣፉ ርሷል። ምንጣፉን ገለጥሁት። ከወር በፊት አብርቼ የፋቅሁት ብረት በርበሬ የተነሰነሰበት መስሏል፤ የሽቦው ጫፍ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ሆኗል። ጀሪካኑ ከሥሩ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለችው።

አያ መኮንን ከቢሯቸው ወጥተው ከኋላዬ ቆመዋል። "እዚህ ያሰርሁት እኔ ነኝ" አልሁ። "ጀሪካኑ በላዩ እንደሚቀመጥ አይቻለሁ። ሌላ ብሎን መምረጥ ነበረብኝ።"

መሪጌታ ዝገቱን ጎንበስ ብለው አዩት። "ይህ ከጸበሉ ነው?"

ጌትነት ወደ መሣሪያው ሣጥን ዞረ።

"ከውኃው ነው" አልሁ።

"ኧረ ምን አስፈራችሁ!" አሉ። "በረከቱ ለሰው፣ ዝገቱ ለብረት። ጸበሉ ምን ያድርግ፣ በቀዳዳ ዕቃ የያዝሁት እኔ።"

ጌትነት መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። አያ መኮንን ግን ወደ እኔ ዞረው "ሰኞ ዙሪያውን የዞርነው ሦስታችንም ነን" አሉ። በአሥር ዓመት ውስጥ ከእሳቸው የሰማሁት ምስጋና ቢባል እሱ ነው።

የዛገውን ጫፍ ቆርጬ ጣልሁ። አዲስ ጫፍ በሊድ በየድሁ። ከጎን፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ ያለ ብሎን መረጥሁ። ቀለሙን ፋቅሁ፣ አጥብቄ አሰርሁ፣ በላዩ ግሪስ ቀባሁ። ሞተሩ እየዞረ፣ መዝሙሩ እየጮኸ ደግሜ ለካሁ። ቴስተሩ ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። መዝሙሩን ስዘጋው ስፒከሩ ውስጥ ምንም የለም። ነዳጅ ረገጥሁ፤ ምንም።

መሪጌታ ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ እንዳቀፉ ተቀመጡ። ሲስተር ምሕረት ቅጂውን ከፈተች። ያው ደካማ ድምፅ ነው፤ ግን ሰኞ ያልነበረ ክብደት አለው። ደረት ያለው ሰው ድምፅ ሆነ። ቃሏ መጣች። ሰኞ ከተቆረጠበት ቦታ ደረሰ። አልተቆረጠም። ወረደ፣ እንደገና ወረደ፣ ከታች ሆኖ ቆየ፣ ከዚያ በትንፋሽ አለቀ።

"ድገሚው" አሉ።

ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜም አስከፈቷት። ጨርሰው ሲሰሙ ጀሪካኑን ለልጃቸው አቀበሉና ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለደከመ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ እየጮኹ ነው የሚያነጋግሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

"ይባቤ።"

"አቤት፣ የተመሰከረለት!"

"ደረት ነው።"

"ምን አልህ?"

"ደረት ነው አልሁ። አሁን ሰማኋቸው። የተሳሳትሁ እኔ ነኝ።"

"ዛሬ ምን በልተሃል?"

"ምንም። ዓርብ አይደል? ጾም ነኝ።"

"እንዲያ በል! ዓመቱን ሙሉ ብትጾም ስንት ነገር በተስማማን።" ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ መሪጌታ ይባቤ ሳቃቸውን ትተው "ስንቱን አስተምረሃል?" አሉ።

"ብዙ ነው። ከነገዎቹ ከሁለቱ እጀምራለሁ።"

የቅዳሜውን ነገር የነገረችኝ ሲስተር ምሕረት ናት። መሪጌታ ሁለቱን ተማሪዎች ከማስቆማቸው በፊት በጉባኤው ፊት "ይህቺን ቃል ያስተማርኋችሁ ስሕተት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሏቸው። ማስመስከሩ በሳምንት ተላለፈ። አንደኛው ተማሪ ለዓመታት አፉ የለመደውን መተው ከብዶት አለቀሰ አለች። በሳምንቱ ሁለቱም አስመሰከሩ፤ በደረት። ቀድሞ ተምረው ለሄዱት መሪጌታ በልጃቸው ስልክ የየኔታን ድምፅ ላኩላቸው። የደረሳቸው አሉ። ስልካቸው ያልተገኘ፣ የት ደብር እንዳሉ ያልታወቀም አሉ። እነሱ ዛሬም በቁርጥ ያስተምሩ ይሆናል።

አሁን አያ መኮንን ጋራዡን ለጌትነትና ለእኔ ትተው ቤታቸው ናቸው። አዲስ ረዳት ሲገባ ይህን ሁሉ አልተርክለትም። የምነግረው ሥራውን ብቻ ነው። ማሳን ለካ፤ ሞተሩ እየዞረ፣ አምፑ እየሠራ ለካ። ጠፍቶ በቆመ መኪና ላይ መጥፎ ማሳም ጥሩ ይመስላል። ፊልተር መግጠም ግድ ከሆነብህ ደግሞ ከፉጨቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚያስቀር ለደንበኛው ቁልፉን ሳትመልስለት ንገረው።